የሱፍ ቀለም የሚዋሐደው የት ነው?

ከደጀን ተነስቶ በቢቸናና በደብረ ወርቅ በኩል ሞጣ በሚያደርሰው መንገድ ዳር ባለው አገር፣ የጮቄ ተራራ ብርድ ሲበረታ ባናና ዝተት የተባሉት የሱፍ ልብሶች ይደረባሉ። የሱፍ ልብስ ቀለም ነገር ሲነሳ ግን የብዙ ሰው ሐሳብ ወዲያው ወደ ማቅለሚያው ማሰሮ ይሄዳል። ሱፍ አዲስ ቀለም የሚያገኘው ተነክሮ ብቻ ነው ተብሎ ይታመናል።

እንዲያ አይደለም። ሰማያዊና ቢጫ ማቅለሚያ አንድ ማሰሮ ውስጥ ቢገቡ በርግጥ ተዋሕደው አረንጓዴ ይሆናሉ። ቀድሞ የተነከረ ሰማያዊ ሱፍና ቢጫ ሱፍ አብረው ተባዝተው ሲፈተሉ ግን እያንዳንዷ ጸጉር እንደነበረች ትቀራለች። ክሩን ወደ ዓይኑ ያስጠጋ ሰው ሰማያዊዋን ለብቻ፣ ቢጫዋን ለብቻ ያያል፤ ጥቂት እርምጃ ሲርቅ አረንጓዴ ይታየዋል። ቀላቃዩ ዓይን ነው። እንዲህ ያለው አረንጓዴ ከማሰሮ ከወጣው ይልቅ ሕይወት ያለው የሚመስለውም ለዚሁ ነው።

«ቀለም ሲበዛ ልብስ ይደምቃል» የሚለውም ያሳስታል። ቀይና አረንጓዴ ሱፍ በደንብ ከተባዘቱ የሚወጣው ቡናማ ነው፤ ሦስተኛና አራተኛ ቀለም ሲጨመር ደግሞ ወደ ጭቃማነት ይወርዳል። ድምቀት የፈለገች ፈታይ ሁለት ተቀራራቢ ቀለሞች ትመርጣለች፣ ባዘቶውንም አታበዛውም። አንድ ሁለት ጊዜ የተባዘተ ሱፍ ሰረዝ ሰረዝ ያለ ክር ይሰጣል፤ ደጋግሞ የተባዘተው ወጥ ይሆናል። ከልክ ካለፈ ጸጉሩ ይበጣጠስና ክሩ ጉጥ ጉጥ ይላል።

የጥቁሩ ነገር ሰፋ ተደርጎ መታየት አለበት። የበርኖስ ጥቁረት ከማቅለሚያ የመጣ የሚመስላቸው አሉ፤ ነገር ግን በግ ራሷ ጥቁር፣ ቡናማና ነጭ ሱፍ ትሰጣለች። ነጩና ጥቁሩ አብረው ሲባዘቱ ምንም ሳይነከር አመድማ ይገኛል። የጥቁር በግ ጸጉር ጫፉ በፀሐይ ወደ ቡናማ ስለሚያደላ፣ «ጥቁር» የተባለው ሱፍ ራሱ ድብልቅ ነው። በአንጻሩ የጎጃሙ ዋሸራ በግ ጸጉሩ አጭር ስለሆነ ለፈትል አይመችም። ሱፉ የሚፈተለው እንደ መንዝ በግ ካለው ነው።

በፓሪስ የጎብለን የምንጣፍ ሥራ ቤትም አንድ ጊዜ ጥቁሩ ክር ደከመ የሚል አቤቱታ ተነስቶ ነበር። የማቅለሚያ ክፍሉ ኃላፊ ኬሚስት ሚሼል ኤዥን ሸቭረል ሲመረምር ማቅለሚያው ደህና ሆኖ ተገኘ፤ ጥቁሩን ያደበዘዙት ከጎኑ የተሸመኑት ሌሎች ቀለሞች ነበሩ። ግኝቱን በ1839 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ አወጣው።

ቀለሙ ዥንጉርጉር ሆኖ የወጣ ሱፍ ተበላሸ ተብሎ መጣሉ ያሳዝናል፤ ሲባዘት ደብዛዛውና ደማቁ ይመጣጠናሉና። እውነተኛው ስህተት የሱፍን ማቅለሚያ ለጥጥ መጠቀም ነው። ሱፍ ከእንስሳ፣ ጥጥ ከተክል ስለሆኑ፣ በኮምጣጤና በሙቀት ሱፍ ላይ የሚይዝ ማቅለሚያ ከጥጥ ላይ ታጥቦ ይሄዳል።

ለድብልቁ መነሻ የሚሆነው ፈዛዛው ሱፍ ነው። ጥቁሩ በጭብጥ በጭብጥ ይጨመራል፤ አንዴ ከገባ መልቀም አይቻልምና። ከዚያ ከአመልማሎው ጥቂት በእንዝርት ይፈተልና ጣት ላይ ተጠቅልሎ በቀን ብርሃን ይታያል፤ ባዘቶ ሳለ ፈዘዝ ያለው ቀለም ክሩ ሲከር ይጠቁራልና።