ስለ ወጣቶች የአእምሮ ጤንነት የነርሶች ምርምር ምን ያስተምረናል?

«ደዌውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚል የቆየ ተረት አለን። አባቶቻችን ይህን የተናገሩት ሕመምተኛው ሳያፍር ችግሩን እንዲገልጥ ለመምከር ነው። ነገር ግን ደዌው በሥጋ ላይ ሳይሆን በአእምሮ ላይ ሲሆን፣ ሕመምተኛውም ገና ለጋ ወጣት ሲሆን፣ ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል። ወጣቱ ደዌውን የሚሸሽገው ወድዶ አይደለም። ስሙን ስለማያውቀው፣ ቢናገርም የሚያዳምጠው ሰው ያለ ስለማይመስለው ነው። ስለዚህ በዛሬው ጽሑፋችን የምንመረምረው ጥያቄ «የሸሸገውን ማን ይጠይቀው?» የሚል ነው።

የነገሩን ክብደት ለመገመት ጥቂት ቁጥር ይበቃል። የዓለም የጤና ድርጅት እንዳስታወቀው፣ ዕድሜያቸው ከ10 እስከ 19 ዓመት ከሆነ ልጆች መካከል ከ7ቱ አንዱ የአእምሮ ጤንነቱ የታወከ ነው። ይኸው ድርጅት እ.ኤ.አ. ለ2021 ዓ.ም. ባወጣው ግምት፣ ከ15 እስከ 29 ዓመት ያሉትን ወጣቶች ከሚገድሉት ምክንያቶች ሦስተኛው ራስን ማጥፋት ነው። ሸክሙ ይበልጥ የሚከብደውም መጠጊያ ባጡት ላይ ነው። ወላጆቻቸው የሞቱባቸው፣ በጎዳና የሚያድሩ፣ በጦርነት ከቀያቸው የተፈናቀሉ፣ እንጀራ ፍለጋ ባሕር ተሻግረው ተጎድተው የተመለሱ ወጣቶች ሁሉ ከነዚህ ይቈጠራሉ። እ.ኤ.አ. ከ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160,000 የሚበልጡ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ዐረቢያ እንደ ተመለሱ ይታወሳል።

ነርስ የሐኪም እጅ ብቻ አይደለችም

ነርስ ማለት መርፌ የምትወጋና የሐኪሙን ትእዛዝ የምትፈጽም ሠራተኛ ብቻ ናት ተብሎ ሲታሰብ ብዙ ዘመን ኖሯል። ይህን አስተሳሰብ ከለወጡት ሰዎች አንዷ እ.ኤ.አ. በ1909 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር በፔንሲልቬንያ የተወለደችው ነርስ ሂልደጋርድ ፔፕላው ናት። መጽሐፏን በ1948 ዓ.ም. ጽፋ ብትጨርስም ሐኪም አብሯት ስላልጻፈ ለመታተም 4 ዓመት ጠብቋል። በ1952 ዓ.ም. ሲወጣ ግን የነርስነትን ሥራ ከመሠረቱ የሚለውጥ አሳብ ይዞ ወጣ።

አሳቡም ይህ ነው። በነርስና በሕመምተኛ መካከል የሚመሠረተው ግንኙነት ራሱ የሕክምናው ክፍል ነው። ፔፕላው ይህን ግንኙነት በ4 ደረጃ ከፍላዋለች። በመጀመሪያ ሁለቱ እንግዶች ሆነው ይገናኛሉ፤ ችግሩም ምን እንደ ሆነ አብረው ይፈልጋሉ። ቀጥሎ ሕመምተኛው ነርሷን ማመን ይጀምራል። በሦስተኛው ደረጃ በምትሰጠው እርዳታ ሁሉ ይጠቀማል። በመጨረሻም በራሱ እግር ቆሞ ይሰናበታል። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ እምነት በሁለተኛው እንጂ በመጀመሪያው ደረጃ ላይ አለመቀመጡ ነው። ወጣቱ በመጀመሪያው ቀን ሁሉን ካልተናገረ፣ ይህ የሥራው ጠባይ እንጂ የእርሱ እልኸኝነት አይደለም።

አሳብ ሲታረም ስሜት ይታረማል

ከፔፕላው በኋላ የተነሡት ነርሶች ከአሳብ አልፈው ፈተና ወደማድረግ ተሻገሩ። ከነዚህ መካከል በርናዴት ሜልኒክ የተባለችው ነርስ ከሌሎች ተመራማሪዎች ጋር ሆና እ.ኤ.አ. በ2013 ዓ.ም. ያወጣችው ጥናት ይጠቀሳል። ጥናቱ የተደረገው በአሜሪካ ደቡብ ምዕራብ በሚገኙ 11 ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሲሆን፣ ዕድሜያቸው ከ14 እስከ 16 የሆነ 779 ተማሪዎች ተካፍለውበታል። ግማሾቹ የተለመደ ዓይነት የጤና ትምህርት ሲያገኙ፣ ሌሎቹ ደግሞ 15 ክፍል ያለው ልዩ ትምህርት ተማሩ። የትምህርቱ ፍሬ ነገር፣ አሳባችን ስሜታችንን፣ ስሜታችንም ሥራችንን ይመራል የሚል ነው። «እኔ ለምንም አልረባም» ብሎ የሚያስብ ልጅ ያዝናል፤ ያዘነም ልጅ ከጓደኞቹ ይርቃል፤ በራቀ መጠንም አሳቡ እውነት ይመስለዋል። ትምህርቱ ይህን ክብ መንገድ ከአሳቡ በኩል መቍረጥን ያስተምራል።

ልዩውን ትምህርት የተማሩት ከሰው ጋር በመግባባት በልጠው ተገኙ። አልኮል የጠጡት ከነርሱ መካከል ከመቶው 13፣ ከሌሎቹ መካከል ግን ከመቶው 20 ነበሩ። ጭንቀታቸውና ሐዘናቸው ከመጀመሪያው እጅግ የከፋባቸው ልጆችም ከሌላው ወገን አቻዎቻቸው ይልቅ ሐዘናቸው ቀለለላቸው። ከዚህ የምንረዳው፣ ትምህርቱ ለሁሉም ቢሰጥ በብርቱ የታመመውን ሳያሳፍሩ መድረስ እንደሚቻል ነው።

ስለ ሞት መጠየቅ ያስፈራልን?

ብዙ ወላጆችና ብዙ የጤና ሠራተኞችም አንድ ነገር ይፈራሉ። ወጣቱን «ራስህን ለማጥፋት አስበህ ታውቃለህን?» ብሎ መጠየቅ ያላሰበውን ማሳሰብ ይመስላቸዋል። ይህን ፍርሃት ለመመርመር በኒው ዮርክ ክፍለ አገር በ6 ትምህርት ቤቶች 2,342 ተማሪዎች ተጠንተው ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2005 ዓ.ም. ታትሟል። የተጠየቁት ተማሪዎች ካልተጠየቁት ይልቅ አልተጨነቁም፤ ራስን የማጥፋት አሳብም አልጨመረባቸውም። እንዲያውም አስቀድመው ችግር የነበረባቸው መጠየቃቸው የጠቀማቸው ይመስላል። እንግዲህ ጉዳት የሚያመጣው ጥያቄው ሳይሆን ዝምታው ነው።

በአንድ ጤና ጣቢያ

አሁን በአሳባችን ወደ አንድ ጤና ጣቢያ እንግባ። አንዲት እናት ከዐረብ አገር የተመለሰች የ17 ዓመት ልጃቸውን ይዘው ይቀርባሉ። «ሲስተር፣ ልጄን ራሷን ያማታል። ቀን ትተኛለች፤ ሌሊት ትባንናለች። ጠበልም ወስጃት ነበር» ይላሉ። ነርሷ ብትቸኩል የራስ ምታት መድኃኒት ሰጥታ ትሸኛቸዋለች። ሥራዋን የምታውቅ ነርስ ግን በጠበሉ ሳትዘብት፣ «እናቴ፣ መልካም አደረጉ። አሁን ለጥቂት ጊዜ ውጭ ቢጠብቁን» ብላ በትሕትና ትለምናቸዋለች። ከልጅቷ ጋር ብቻዋን ስትቀርም ከቀላሉ ወደ ከባዱ ትጠይቃለች። አስቀድማ ስለ ቤቷ፣ ቀጥላ ስለ ትምህርቷና ስለ ሥራዋ፣ ከዚያም ስለ ጓደኞቿ፣ በመጨረሻ በስደት ስለ ደረሰባት ግፍና ስለ ሞት አሳብ። የነገረቻትንም ለሕይወቷ የሚያሰጋ ነገር ካልሆነ በቀር ለማንም እንደማታወጣ ከመጀመሪያው ትገልጽላታለች። ልጅቷ በመጀመሪያው ቀን ብታለቅስና ዝም ብትል፣ ነርሷ ሁለተኛ ቀጠሮ ትሰጣታለች እንጂ አትቈጣትም።

በአገራችን የተገኘ ማስረጃ

ይህ ሁሉ ለሀብታም አገር እንጂ ለእኛ አይሆንም የሚል ይኖር ይሆናል። ነገር ግን በኢትዮጵያም የተሠራ ሥራ አለ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ በአማኑኤል ሆስፒታል ነርሶችን በአእምሮ ሕክምና ማሠልጠን ተጀመረ። የሠለጠኑትም በየክፍለ አገሩ ሆስፒታሎች ተመደቡ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአእምሮ ሐኪሞች ሥልጠና የተጀመረው በ2003 ዓ.ም. ስለ ሆነ፣ በብዙ አውራጃ የአእምሮ ሕሙማን ተስፋ ነርሶች ብቻ የነበሩበት ዘመን ረዥም ነው።

በቡታጅራ አካባቢም እ.ኤ.አ. ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 የሆነ ከ68,000 የሚበልጡ ሰዎች ቤት ለቤት ተጠይቀው ታላቅ ጥናት ተደርጓል። በዚያው አካባቢ የተደረገና በ2022 ዓ.ም. የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ ብርቱ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን ከ300 የሚበልጡ ሰዎች በሁለት ከፍሎ አነጻጽሯል። አንደኛው ወገን በአእምሮ ሕክምና በሠለጠኑ ነርሶች፣ ሁለተኛው አጭር ሥልጠና ባገኙ የጤና ጣቢያ ሠራተኞች ተረዳ። ከ12 ወር በኋላ ሲመረመር፣ ለቤታቸው ቅርብ በሆነው ጤና ጣቢያ የተረዱት ከሌሎቹ ያነሰ ውጤት አላገኙም። ይህ ጥናት የአዋቂዎች ነው፤ ስለ ወጣቶች የሚደረገው ምርምር ገና ብዙ ይቀረዋል። ቢሆንም መንገዱን ያሳያል።

ከባለሥልጣኖች የሚጠበቀው

የጤና ጣቢያን የሚመራ ሹም ሁሉ ሦስት ነገር እንዲያስብ እናሳስባለን። መጀመሪያ፣ በር ያለው አንድ ክፍል ለነርሷ ይሰጣት፤ በመጋረጃ ብቻ በተከፈለ ስፍራ ምሥጢር የሚናገር ወጣት የለምና። ሁለተኛ፣ ጊዜና የበላይ ተቈጣጣሪ ምክር አይጕደልባት፤ የሌላውን መከራ ቀን በቀን የምታዳምጥ ሰው እርሷም ታዳምጣ ዘንድ የሚያዳምጣት ያስፈልጋታልና። ሦስተኛ፣ ነገሩ ከዐቅሟ በላይ ሲሆን ሕመምተኛውን ወዴት እንደምትልክ በግልጽ የተጻፈ መመሪያ ይኑራት።

ተረቱ ደዌውን ለሸሸገው ሰው መድኃኒት እንደማይገኝ ነግሮናል። የነርሶቹ ምርምር ደግሞ የተረቱን ሁለተኛ እኩሌታ ጨምሮልናል፦ ጠያቂ ያገኘ ወጣት ደዌውን አይሸሽግም።