ከሽያጭ ባሻገር፦ የአነስተኛ የሕክምና መሣሪያ ድርጅት አመራርና ባለሙያዎች ከልደታ ሲታዩ

በአዲስ አበባ ልደታ ክፍለ ከተማና በአካባቢው የአገሪቱ የሕክምና መሣሪያ አገልግሎት ሦስት መልኮች ጎን ለጎን ይታያሉ። የመጀመሪያው መሣሪያው በሥራ ላይ የሚውልበት ሆስፒታል ነው፤ የጥቁር አንበሳ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታልና የደጃዝማች ባልቻ መታሰቢያ ሆስፒታል የሚገኙት እዚሁ ነው። ሁለተኛው ጠጋኙ የሚሠለጥንበት ተቋም ሲሆን፣ በሜክሲኮ አደባባይ አካባቢ ያለው ተግባረ እድ ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ የሕክምና መሣሪያ ጥገና ባለሙያዎችን ያፈራል። ሦስተኛው ከጥቁር አንበሳ እስከ ተክለ ሃይማኖት ባለው መስመር በየሕንፃው ፎቅ ቢሮ ተከራይተው የሚሠሩት አነስተኛ አስመጪና አከፋፋይ ድርጅቶች ናቸው። ስለ ሆስፒታሉና ስለ ትምህርት ተቋሙ ብዙ ሲጻፍ፣ በሁለቱ መካከል ድልድይ ስለሆነው ሦስተኛው አካል ግን የሚጻፈው ጥቂት ነው።

የእነዚህ ድርጅቶች ጉዳይ ከንግድ ጉዳይነት ያልፋል። አንድ የሕፃናት ማሞቂያ ወይም የደም መመርመሪያ መሣሪያ ሆስፒታል ከገባ በኋላ ለሚቀጥሉት ሰባትና ስምንት ዓመታት ይሠራል ወይስ በስድስት ወሩ ጥግ ይይዛል የሚለው ጥያቄ፣ በአብዛኛው የሚመለሰው መሣሪያውን ያቀረበው ድርጅት ውስጥ ማን እንዳለና ማን እንደሌለ በማየት ነው። ስለዚህ የድርጅቱ የሰው ኃይል አወቃቀር የሕክምና ጥራት አካል ሆኖ ሊጠና ይገባዋል።

ሕጉ የሚያውቀው ሰው

የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የሕክምና መሣሪያን ከምግብና ከመድኃኒት ጋር በአንድ የቁጥጥር ሥርዓት ሥር አድርጎታል። የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን መሣሪያዎችን በሚያስከትሉት የጉዳት ሥጋት መጠን በአራት ክፍል ይመድባል። ዝቅተኛ ሥጋት ያለው፣ ለምሳሌ ተሽከርካሪ ወንበር፣ በመጀመሪያው ክፍል ሲመደብ፣ በሰው አካል ውስጥ የሚተከለው የልብ ምት ማስተካከያ በአራተኛው ይመደባል። ክፍሉ ከፍ ባለ ቁጥር ለምዝገባ የሚቀርበው የደኅንነትና የውጤታማነት ማስረጃም እየከበደ ይሄዳል።

ከምርቱ ምዝገባ በተጨማሪ ድርጅቱ ራሱ የብቃት ማረጋገጫ ሊኖረው ይገባል፤ ለዚህም አግባብነት ያለው ሙያ ያለው የቴክኒክ ኃላፊ እንዲቀጥር ይጠበቃል። በሕጉ ዓይን እንግዲህ ድርጅቱ ሁለት ፊት አለው፤ በንግድ ሕግ የሚጠየቀው ሥራ አስኪያጅና በሙያ የሚጠየቀው የቴክኒክ ኃላፊ። በ2013 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ አዋጅ ቁጥር 1243/2013 ባለ አንድ አባል ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር እንዲቋቋም በመፍቀዱ፣ ባለቤት፣ ሥራ አስኪያጅና ዋና ሻጭ አንድ ሰው የሆነበት ድርጅት ሕጋዊ ቅርጽ አግኝቷል። የቴክኒክ ኃላፊው ሚዛን ሆኖ መቆም የሚኖርበት እንዲህ ባለው ድርጅት ውስጥ ነው። ነገር ግን የዚህ ኃላፊ ስም ለፈቃድ ማሟያ ያህል ብቻ በመዝገብ ላይ ከሰፈረ፣ ሕጉ የጠየቀው ሰው በወረቀት አለ፤ በሥራ ቦታ የለም።

በአንድ ድርጅት ውስጥ ያሉ አምስት ሥራዎች

ከአሥር የማይበልጡ ሠራተኞች ያሉት ድርጅት እንኳ ሊሸሻቸው የማይችላቸው አምስት ሥራዎች አሉ። የመጀመሪያው የምዝገባና የሰነድ ሥራ ነው። የአምራቹን የውክልና ደብዳቤ፣ የጥራት ሥርዓት ማረጋገጫውን፣ በተለይም አይኤስኦ 13485 የተባለውን ለሕክምና መሣሪያ አምራቾች የወጣ ደረጃ፣ የመገልገያ መመሪያውንና መለያ ጽሑፉን አሰባስቦ ለባለሥልጣኑ የሚያቀርበው ይህ ክፍል ነው። ሁለተኛው የጨረታና የሽያጭ ሥራ ነው። ሦስተኛው የተከላና የጥገና ሥራ ሲሆን፣ ባዮሜዲካል ኢንጂነሩና ቴክኒሽያኑ ያሉት በዚህ ነው። አራተኛው የአጠቃቀም ሥልጠና ነው፤ ነርሷና የላብራቶሪ ባለሙያው መሣሪያውን በትክክል እንዲጠቀሙ የሚያስተምር ሰው ይፈልጋል። አምስተኛው የመለዋወጫና የአላቂ ዕቃዎች ክምችት አያያዝ ነው፤ ሪኤጀንት ያለቀበት መመርመሪያ ሳይበላሽም ሥራ ያቆማልና።

በትንሽ ድርጅት እነዚህ ሥራዎች ለየብቻ አምስት ክፍል አይሆኑም። አንዱ ኢንጂነር ጠዋት የጨረታ ሰነድ ያዘጋጃል፤ ከሰዓት በኋላ ይተክላል፤ በማግሥቱ ክፍለ ሀገር ወርዶ ያሠለጥናል። መደራረቡ በራሱ ጉድለት አይደለም፤ ለትንሽ ድርጅት ቅልጥፍናን ይሰጠዋል። ችግሩ የሚመጣው ጊዜ ሲጣበብ የትኛው ሥራ እንደሚቀር አስቀድሞ ሲታወቅ ነው። የጨረታ መዝጊያ ሰዓት አለው፤ ሽያጭ ወዲያው ገቢ ያመጣል፤ ሥልጠናና ቅድመ መከላከል ጥገና ግን ቢዘገዩ በዕለቱ የሚጠይቅ የለም። ስለዚህ አመራሩ ሆን ብሎ ካልጠበቃቸው በቀር፣ በየጊዜው ተገፍተው የሚቀሩት እነዚህ ሁለቱ ናቸው።

ማስረጃው ወዴት ያመለክታል?

ፔሪና ማልኪን እ.ኤ.አ. በ2011 ባሳተሙት ጥናት ከ16 አገሮች የተሰበሰበ የ112,040 መሣሪያዎችን ቆጠራ መርምረው፣ በአማካይ 38.3 በመቶው ከአገልግሎት ውጭ መሆኑን አሳይተዋል። ለዚህ የሚሰጠው የተለመደ ማብራሪያ መለዋወጫ አለመኖሩና ከፍተኛ ሥልጠና ያለው ባለሙያ መጥፋቱ ነው። ይሁን እንጂ ማልኪንና ኪን ከአንድ ዓመት ቀደም ብለው ያወጡት ሌላ ጥናት ይህን ማብራሪያ ይፈትነዋል። በ11 አገሮች በሚገኙ 60 ሆስፒታሎች ከአገልግሎት ውጭ ከነበሩ 2,529 መሣሪያዎች ውስጥ 1,821ዱ፣ ማለትም 72 በመቶው፣ ከውጭ የሚመጣ መለዋወጫ ሳያስፈልግ በአካባቢው በሚገኝ ቁሳቁስ ብቻ ወደ ሥራ ተመልሰዋል።

ለዚህ ጽሑፍ ርእሰ ጉዳይ ይበልጥ የሚጠቅመው ጥገናው የጠየቀው የዕውቀት ዓይነት ነው። ከተጠገኑት መሣሪያዎች ውስጥ 19 በመቶው የቧንቧና የፍሰት፣ 18 በመቶው የኤሌክትሪክ፣ 18 በመቶው የሜካኒካል፣ 14 በመቶው የኃይል አቅርቦት፣ 5 በመቶው የሞተር ዕውቀት ነበር የጠየቁት። ትልቁን ድርሻ የያዘው ግን የተከላና የተጠቃሚ ሥልጠና ሲሆን 25 በመቶ ነበር። ከአራት መሣሪያዎች አንዱ የቆመው ክፍሉ ተሰብሮ ሳይሆን በአግባቡ ስላልተተከለ ወይም ተጠቃሚው ስላልሠለጠነ ነው ማለት ነው።

ከዚህ ሁለት ነገሮች ይከተላሉ። አንደኛ፣ በድርጅቱ ውስጥ በቀላሉ ተገፍቶ የሚቀረው የሥልጠና ሥራ ትልቁን የብልሽት ምክንያት የሚያስወግደው ነው። ሁለተኛ፣ መካከለኛ ደረጃ ያለው ቴክኒሽያን የሚናቅ አይደለም። እነዚሁ ተመራማሪዎች ከቆሙት መሣሪያዎች ሁለት ሦስተኛ ያህሉን ወደ ሥራ ለመመለስ 107 መሠረታዊ ክህሎቶች እንደሚበቁ አስልተዋል። ጅማ፣ አዲስ አበባና ጎንደር ዩኒቨርሲቲዎች የሚያስመርቋቸው ባዮሜዲካል ኢንጂነሮችና ከተግባረ እድ የሚወጡት ቴክኒሽያኖች ተፎካካሪ ሳይሆኑ ተደጋጋፊ የሚሆኑት በዚህ ምክንያት ነው፤ አንደኛው ውስብስቡን ብልሽት ሲመረምር ሌላው ብዙውንና ተደጋጋሚውን ይይዛል።

የሠላሳ ቀን ዕውቀት

የአነስተኛ ድርጅት ከባዱ ሥጋት በንብረት መዝገብ ላይ አይታይም። አንድ ኢንጂነር ወደ አምራቹ አገር ተልኮ በአንድ የመሣሪያ ዓይነት ሠልጥኖ ሲመለስ፣ የአገልግሎት የይለፍ ቃሉን፣ የስህተት ምልክቶቹን ትርጉምና የካሊብሬሽኑን ቅደም ተከተል የሚያውቀው እሱ ብቻ ይሆናል። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ በ30 ቀን ቅድመ ማስጠንቀቂያ ሥራውን መልቀቅ ይችላል። ይህ የሠራተኛው መብት ነው፤ ሊነካም አይገባውም። በዓመታት የተከማቸ ዕውቀት በ30 ቀን ርክክብ ይተላለፋል ብሎ መጠበቅ ግን የአመራሩ ስህተት ነው።

መፍትሔው ከሠራተኛው መልቀቅ በፊት ይጀምራል። እያንዳንዱ የጥገና ጉብኝት የመሣሪያውን መለያ ቁጥር፣ የታየውን ምልክት፣ የተወሰደውን እርምጃና የተቀየረውን ክፍል በያዘ መዝገብ ላይ ሊሰፍር ይገባል። ለአንድ የመሣሪያ ዓይነት ቢያንስ ሁለት ሰዎች ሊሠለጥኑ ይገባል፤ ለሁለተኛው የሚወጣው ወጪ የመድን ክፍያ ያህል ሊታይ ይችላል። የኢንጂነሩ ጉርሻም በተሸጠው ብዛት ሳይሆን በሥራ ላይ ባለው መሣሪያ ብዛት ቢሰላ፣ የድርጅቱ ትኩረት ከርክክብ ቀን ወደ አገልግሎት ዘመን ይዞራል።

ገዢውም ከዚህ ኃላፊነት ነፃ አይደለም። ጨረታው የሚለየው በመግዣ ዋጋ ብቻ ከሆነ፣ ሁለት ኢንጂነር የቀጠረው ድርጅት አንድም ባልቀጠረው መሸነፉ አይቀርም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ ከውጭ የሚገባ መለዋወጫ በብር ሲተመን ዋጋው ጨምሯል፤ አሮጌውን መሣሪያ በአገር ውስጥ እጅ በሥራ ላይ ማቆየት የሚችል ባለሙያ የሚያድነው ገንዘብም በዚያው ልክ ከፍ ብሏል።

ከጠጋኝ ወደ አምራች

ጥገና የድርጅት ዝቅተኛ ሥራ ተደርጎ ሲታይ የሚረሳ አንድ ታሪክ አለ። ዛሬ ከዓለም ታላላቅ የሕክምና መሣሪያ አምራቾች አንዱ የሆነው ሜድትሮኒክ እ.ኤ.አ. በ1949 በሚኒያፖሊስ ከተማ በአንድ ጋራዥ ውስጥ የተቋቋመ የጥገና ቤት ነበር። መሥራቾቹ የኤሌክትሪክ ምሕንድስና የድኅረ ምረቃ ተማሪ የነበረው ኧርል ባከንና የሚስቱ እህት ባል ፓልመር ኸርመንዝሊ ናቸው። ባከን የሆስፒታል መሣሪያዎችን ለመጠገን ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍሎች ሲመላለስ ከልብ ቀዶ ሐኪሙ ዋልተን ሊለሃይ ጋር ተዋወቀ። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1957 መጨረሻ በከተማው መብራት ተቋርጦ፣ በግድግዳ ኤሌክትሪክ የሚሠራው የልብ ምት ማስተካከያ ለአደጋ የተጋለጠ መሆኑ ሲታይ፣ ሐኪሙ መፍትሔ የጠየቀው ይህንኑ ጠጋኝ ነበር። ባከን በጥቂት ሳምንታት ውስጥ በባትሪ የሚሠራ፣ በሰውነት ላይ የሚንጠለጠል መሣሪያ ሠርቶ አቀረበ።

የዚህ ታሪክ ትምህርት የመብራት መቋረጥን ችግር ለሚያውቅ ሆስፒታል ቅርብ ነው። ፈጠራው የመጣው መሣሪያው ሲሰናከል በቦታው የነበረ፣ የሐኪሙን ቋንቋ የለመደና ክፍሉን ፈትቶ መግጠም የሚችል ሰው ስለነበረ ነው። ሻጭ ብቻ የሆነ ድርጅት ይህን ዓይነት ዕውቀት የሚያከማችበት መንገድ የለውም።

በልደታም ይህን ፍላጎት የሚያሳዩ አገልግሎቶች አሉ። ጥቁር አንበሳ ለረጅም ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የጨረር ሕክምና ማዕከል ሆኖ ሲያገለግል፣ የአንድ መሣሪያ መቆም ከመላ አገሪቱ የሚመጡ የካንሰር ሕሙማንን ቀጠሮ ያራዝም ነበር። በዚያው ግቢ በዶክተር በላይ አበጋዝ መሥራችነት በተቋቋመው የኢትዮጵያ የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ማዕከልም ቀዶ ሕክምናው ሐኪሙን ብቻ ሳይሆን የልብና ሳንባ ማሽኑን የሚያንቀሳቅስ ባለሙያና ያልተቋረጠ የአላቂ ዕቃ አቅርቦት ይፈልጋል። በሁለቱም ቦታ ሕይወት የሚንጠለጠለው በመሣሪያው ዙሪያ ባለው የሰው ሰንሰለት ላይ ነው።

ማጠቃለያ

አነስተኛ የሕክምና መሣሪያ ድርጅት ሲመዘን በቅድሚያ ሊጠየቅ የሚገባው የሚወክለው አምራች ስም ወይም ያስገባው ዕቃ ብዛት አይደለም። የቴክኒክ ኃላፊው በሥራ ቦታው አለ ወይ፣ ለእያንዳንዱ መሣሪያ ስንት የሠለጠነ ሰው አለ፣ የጥገና መዝገቡ ተጽፏል ወይ፣ ተጠቃሚዋ ነርስ ሠልጥናለች ወይ የሚሉት ጥያቄዎች ይቀድማሉ። እነዚህ አራት ጥያቄዎች ለተመራማሪውም የሚለኩ መነሻዎች ናቸው፤ ድርጅቶችን በሰው ኃይል አወቃቀራቸው መድቦ፣ ያቀረቧቸው መሣሪያዎች ከሦስትና ከአምስት ዓመት በኋላ ያሉበትን ሁኔታ ከሆስፒታሎች የንብረት መዝገብ ጋር ማነጻጸር ይቻላል። ሆስፒታሉ፣ ኮሌጁና የንግድ ቢሮው በእግር በሚደረስበት ርቀት በሚገኙበት በልደታ፣ እንዲህ ያለውን ጥናት ለመጀመር ቦታው ምቹ ነው።