የድንች ሰላጣና የፍሪጅ በረዶ

እናቶችና ሠራተኛ እኅቶች፤ ዐቢይ ጾም የሚውለው ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ባሉት ወራት ነው። በመተማ፣ በገንዳ ውሃና በቋራ ቆላ ደግሞ ሙቀቱ እጅግ የሚበረታው በዚሁ ጊዜ ነው። ድንቹ ከደጋ ተጭኖ የሚመጣ፣ የሥራውም ሰዓት የማያፈናፍን በመሆኑ፣ «ቅዳሜ ብዙ ሰላጣ ሠርቼ የበረዶው ክፍል ውስጥ ላስቀምጠው» ቢሉ አያስገርምም። ይሁን እንጂ ባያደርጉት ይመረጣል።

ድንች አብዛኛው ክፍሉ ውሃ ነው። ውሃው ወደ በረዶነት ሲለወጥ ይሰፋና የድንቹን ውስጠኛ አካል ይሰነጣጥቀዋል፤ በረዶው ሲቀልጥም ውሃው ተለይቶ ይፈሳል፤ የሚቀረው እንደ ስፖንጅ የላላ ነገር ነው። በደቡብ አሜሪካ የአንዲስ ተራሮች የሚኖሩ ገበሬዎች ይህንኑ ጠባይ ለጥቅም አውለውታል። ድንቹን ሌሊት ለውርጭ ያሰጡና ቀን በእግራቸው እየረገጡ ውሃውን ያወጡለታል፤ ደርቆ ለዓመታት የሚቀመጠውን ይህን ድንች «ቹኞ» ይሉታል። እነርሱ የሚፈልጉት ግን ሰላጣ አይደለም! በእኛ ሰላጣ ውስጥ ያለው ቃሪያና ሽንኩርትም ይልፈሰፈሳል፤ ለፍስክ ማዮኔዝ የገባበት እንደሆነም ዘይቱ ለብቻው ይለያል።

ጣዕሙስ ይቅር፤ የሚብሰው ማቅለጡ ነው። በረዶ ተሕዋስያንን ያስተኛቸዋል እንጂ ሁሉንም አይገድላቸውም። ሙቀቱ ከ32 ዲግሪ በላይ በሆነበት ቤት የበሰለ ምግብ ከፍሪጅ ውጭ ከ1 ሰዓት በላይ መቆየት የለበትም፤ በመተማ የሚያዝያ ሙቀት ደግሞ ጥላ ሥር እንኳ ከዚህ ያልፋል። ስለዚህ የበረደውን ሰላጣ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ወደ ሥራ መሄድ ለልጆች ሆድ አደጋ ነው። ሎሚ መጨመርዎም መተማመኛ አይሆንም።

ታዲያ ምን ይሻላል? ድንቹን ቀቅለው ቶሎ ያቀዝቅዙና፣ ምንም ሳይገባበት፣ በተከደነ ዕቃ ፍሪጁ ውስጥ ያኑሩት፤ 3 ቀን ይቆያል። ሽንኩርቱ፣ ቃሪያው፣ ሎሚውና ዘይቱ በሚበላበት ዕለት ይግቡ። ድንቹ በዝቶ የግድ በረዶ ውስጥ መግባት ካለበት ግን አድቅቀው ያስገቡት፤ ሲፈልጉትም ማታ ወደ ፍሪጁ ታችኛ ክፍል አውርደው ያሳድሩትና ጠዋት ከድስት ገብቶ በደንብ ይፍላ። ለአልጫ ይሆናል።

መብራት ሲጠፋ ፍሪጁን አይክፈቱት። ከ4 ሰዓት በላይ ከቆየ ሰላጣውን ይድፉት፤ ሽታው አልተለወጠም ብለው ለልጅዎ አያቅምሱ።