ዕቃ ቤት የሚከፈትበት ሌሊት፦ የከተራ እንግዳ በሞጣና በቢቸና

በአውሮፓ ብዙ ከተሞች ሙዚየሞች በዓመት አንድ ሌሊት በራቸውን ሳይዘጉ ያመሻሉ። ልማዱን እንደ ጎርጎርዮሳውያኑ በ1997 በርሊን ጀመረችው፤ ከዚያ ወደ ሌሎች አገሮች ተዛመተ። በምሥራቅ ጎጃም ግን የከተማው ሕዝብ ከነልጁ ወጥቶ ከቅርሱ ጋር የሚያድርበት ሌሊት ከጥንት ጀምሮ አለ። ይኸውም ጥር 10 ለ11 አጥቢያ፣ የጥምቀት ዋዜማ የሆነው የከተራ ሌሊት ነው። ዓመቱን ሙሉ በዕቃ ቤት ተቆልፎ የሚቆየው የየደብሩ ሀብት በዚያን ቀን ወደ አደባባይ ይወጣል። ሲወጣም ለመታየት ብቻ አይደለም፤ ሊዘመርበት፣ ሊቀደስበት፣ ሊባረክበት ነው።

መንገዱና ጊዜው

ቢቸናና ሞጣ ከደጀን ተነሥቶ ባሕር ዳር በሚገባው መንገድ ላይ ይገኛሉ። በስተደቡብ ያለችው ቢቸና የእነማይ፣ በስተሰሜን ያለችው ሞጣ የሁለት እጁ እነሴ መዲና ናት። ከውጭ አገር ለሚመጣ ሰው ጥር 10 ጃንዋሪ 18 ቀን ይውላል፤ በአራት ዓመት አንዴ ደግሞ 19። ከመነሣት አስቀድሞ የመንገዱን ሰላም አገሩን ከሚያውቅ ሰው መጠየቅ፣ ማደሪያም ቀደም ብሎ መያዝ ያስፈልጋል። ሁለቱም ከተሞች ደጋ ናቸው፤ የጥር ሌሊት ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ጋቢ ወይም ወፍራም ካፖርት ሳይዙ ሜዳ ላይ ማደር አይሞከርም። ጥር 10 ጋድ ስለሚጾም የሥጋና የወተት ምግብ ፍለጋ አይኬድም።

የሌሊቱ አካሄድ

ከቀትር በኋላ ታቦታቱ በካህናት ራስ ላይ ሆነው፣ በግምጃ ተሸፍነው፣ በጥላና በድባብ ታጅበው ከየመንበራቸው ይነሣሉ። ሕዝቡ በእልልታና በሆታ ተከትሎ ባሕረ ጥምቀቱ ዘንድ ያደርሳቸዋል። እዚያ በተተከለው ድንኳን ያድራሉ። ማታ ማኅሌት ይቆማል፤ ሌሊቱ እየገፋ ሲሄድ ቅዳሴ ይገባል። ሲነጋጋ አራቱ ወንጌላት ተነበው ውኃው ይባረካል፤ ሕዝቡም ይረጫል። ጥር 11 ረፋዱ ላይ ታቦታቱ ወደየደብራቸው ይመለሳሉ። የቅዱስ ሚካኤል ታቦት ግን በማግሥቱ በቃና ዘገሊላ፣ ጥር 12 ነው የሚገባው። ሰዓቱ እንደየደብሩ ስለሚለያይ ከአጥቢያው ካህን መጠየቅ ይበጃል።

ምን እንይ? ምንስ እንስማ?

በመጀመሪያ ዓይን የሚያርፈው በመስቀሎቹ፣ በካባውና በላንቃው፣ በጥላው ዘርፍ ላይ ነው። የብር ልባስ ያለውን ወንጌል ያዩ እንደሆነ ብራናው ከፍየል ወይም ከበግ ቆዳ ተፍቆ የተዘጋጀ፣ ጽሑፉ በጥቁር ቀለም ተጽፎ ቅዱሳት ስሞች በቀይ የተለዩበት መሆኑን ልብ ይበሉ። ከበሮው አንድ አፉ ሰፊ፣ አንዱ ጠባብ ነው፤ ሊቃውንት ሰፊውን የክርስቶስ መለኮት፣ ጠባቡን የትስብእቱ ምሳሌ ያደርጉታል፤ ጠፍሩንም የግርፋቱ ሰንበር ይሉታል።

ማኅሌቱን ከመጀመሪያው የተከታተለ ሰው ሥርዓቱ ደረጃ በደረጃ ሲነሣ ይሰማል። በመጀመሪያ ቁም ዜማው ያለ መሣሪያ ይዜማል። ቀጥሎ መቋሚያው እየተወዛወዘ ይዘመማል። ከዚያ ጸናጽልና ከበሮ ገብተው መረግዱ ይቀርባል፤ ጽፋቱ ያፋጥነዋል፤ በመጨረሻም ወረቡ ሕዝቡን በጭብጨባና በእልልታ ያነሣሣል። ዘግይቶ የመጣ ሰው ወረቡን ብቻ ሰምቶ ዝላይ መስሎት ይመለሳል፤ ስለዚህ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ይቁሙ።

ከሁሉ የሚልቀው ግን በየትኛውም ሣጥን የማይቀመጠው ቅኔ ነው። ባለቅኔው ለዕለቱ ያዘጋጀውን አዲስ ቅኔ በጉባኤው ፊት ያወርዳል፤ ትናንት የተባለውን ዛሬ መድገም ነውር ነው። ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ሲሆን መወድስ ስምንት ቤት ነው። ግእዙ ያልገባው እንግዳ አጠገቡ የቆመውን ተማሪ ሰሙንና ወርቁን ይጠይቅ። ጎጃም የዋሸራና የጎንጅ ቅኔ አገር ነው፤ የቢቸና ጎረቤት ዲማ ጊዮርጊስም ስመ ጥር ጉባኤ ነው። በ1958 ዓ.ም. የታተመውን «ፍቅር እስከ መቃብር» ያነበበ ሁሉ ዲማን በስም ያውቃታል፤ ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁ በዚያ አካባቢ ተምረዋል።

የእንግዳ ወግ

ነጭ ልብስና ነጠላ ይመረጣል። ታቦት በሚያልፍበት መንገድ መሻገር አይገባም፤ ድንኳኑ ውስጥ መግባት የካህናት ብቻ ነው። ፎቶ ከማንሣት በፊት ፈቃድ ይጠየቃል፤ በቅዳሴ ሰዓት በብልጭታ ፈጽሞ አይነሣም። «አሮጌ ብራና አለ፣ ጥንታዊ መስቀል ልሽጥልህ» የሚል ሰው ቢመጣ እምቢ ይበሉ። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት ወንጀል ነው፤ ከደብር የወጣ ዕቃ ደግሞ ለሚቀጥለው ከተራ አይመለስም።

ከበዓሉ በኋላ

ጊዜ ያለው ሰው በዚያው አይመለስ። በ18ኛው ክፍለ ዘመን የእቴጌ ምንትዋብ ልጅ ወለተ እስራኤል ያሠሩት ሞጣ ጊዮርጊስ፣ ጥንታዊው ደብረ ወርቅ ማርያም፣ የንግሥት እሌኒ ጠራቢዎች በድንጋይ ላይ ሐረግ የቀረጹበት መርጡለ ማርያም በዚሁ አገር ናቸው።

ዩኔስኮ በዓለ ጥምቀትን በ2012 ዓ.ም. በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አስፍሮታል። ሌሊቱን ሕያው የሚያደርገው ግን መዝገቡ ሳይሆን ዜማና ቅኔ ለመማር ዓመታት የሚፈጀው ተማሪ ነው። ብሩና ሐሩ በቁልፍ ይጠበቃል፤ እውቀቱ ግን በጉባኤ ቤት ካልተተካ በአንድ ትውልድ ይጠፋል። ስለዚህ በበዓሉ የተደሰተ እንግዳ መስጠት ቢሻ የሚበጀው ስጦታ ለጉባኤ ቤቱ ተማሪ እህልና ልብስ ነው። መምህሩን ጠይቆ ይስጥ፤ ያ ተማሪ ነው የሚመጣውን ከተራ የሚያዜመው።