ገፈራን የሚያቆዩ ባክቴሪያዎች

በቆሎው ፍሬው ከወተትነት ወደ ሊጥነት ሲሻገር ከነአገዳው ይታጨዳል፣ ይከተፋል፣ ጉድጓድ ወይም ትልቅ ፕላስቲክ ውስጥ ተረግጦ ይታፈናል። ይህ ገፈራ ነው፤ ብዙ የወተት ላም አርቢዎች ሳይሌጅ ይሉታል። ከተዘጋ በኋላ ሥራው የባክቴሪያዎች ነው። የአዝመራውን ስኳር ወደ ላክቲክ አሲድ ይለውጡታል፤ የአሲድነት መለኪያው ፒኤች ወደ 4 ገደማ ሲወርድ አበስባሽ ተሕዋስያን ይገታሉ፤ መኖውም ለወራት ይቆያል።

ታዲያ ከውጭ ባክቴሪያ መጨመር ለምን አስፈለገ? ከማሳ አብረው የሚገቡት ሁሉ ደጎች ስላልሆኑ ነው። ክሎስትሪዲየም የሚባሉት ከበረቱ ቡቲሪክ አሲድ ያመርታሉ፤ ገፈራው ይከረፋል፣ ላሟም ፊቷን ታዞራለች። ፊንላንዳዊው ኬሚስት አርቱሪ ቪርታኔን ይህን ችግር የተዋጋው አሲድ በቀጥታ መኖው ላይ በማርከፍከፍ ነበር፤ በ1945 እ.ኤ.አ. ለተሸለመው የኬሚስትሪ ኖቤልም ይህ ዘዴ አንዱ ምክንያት ሆኗል። ጠንካራ አሲድ ግን ቆዳ ያቃጥላል፣ ብረት ይበላል። ባክቴሪያ የሚረጭ ሰው ይህ ስጋት የለበትም።

ከሚረጩት ባክቴሪያዎች ስመ ጥሩው ላክቶባሲለስ ፕላንታረም ነው። ባለሙያ እንጀራ ጋጋሪ ሊጧን ለዕድል ሳትተው የምታምነውን እርሾ እንደምትጥልበት፣ አርቢውም በአንድ ግራም መኖ 100,000 ያህል ሕያው ባክቴሪያ ይረጫል። አሲዱ ቶሎ ይመረታል፤ የሚባክነው ስኳርና ፕሮቲን ይቀንሳል።

የሚገርመው ግን እንዲህ ያማረበት ገፈራ ሲከፈት ፈጥኖ ሊሞቅ ይችላል። አየር ሲያገኙ ላክቲክ አሲዱን የሚመገቡ እርሾዎች አሉ፤ እነሱ ሲነሱ አሲዱ ይቀንሳል፣ ሻጋታ ይከተላል። ለዚህ የተመረጠው ላክቶባሲለስ ቡክነሪ ነው፤ ከላክቲክ አሲዱ ከፊሉን እርሾዎቹ ወደማይወዱት አሴቲክ አሲድ ይቀይረዋል። ቀርፋፋ ነው፤ ከ45 እስከ 60 ቀን ይፈልጋል። በሦስት ሳምንት ለሚከፍት ሰው ገንዘብ ማባከን ነው። በእኔ አስተያየት በቀን ጥቂት እየቀነሰ ለሚመግብና ጥቂት ላሞች ላለው አርቢ የሚጠቅመው ቡክነሪ ነው፤ የተከፈተው ገፈራ ለአየር ተጋልጦ ብዙ ይቆይበታልና።

ባክቴሪያውን ከመግዛታችሁ በፊት ግን አዝመራው ውሃ የበዛበት እንዳይሆን ተጠንቀቁ፤ ደረቅ ይዘቱ ከ30 እስከ 35 በመቶ ቢሆን ይመረጣል። አሳጥራችሁ ክተፉ፣ አየሩ እስኪወጣ እርገጡ፣ በደንብ ዝጉ። የባክቴሪያውን ዱቄት ክሎሪን በበዛበት የቧንቧ ውሃ አትበጥብጡ፤ ባክቴሪያዎቹን ይገድላቸዋል።