ሰፈፉ ውስጥ ያለው ቅባት

በሚዛን ተፈሪ፣ በማሻና በቦንጋ ገበያ ስለ ማር የማያወራ የለም። ጌተም ሲያብብ የሚገኘው ነጭ ማር ከአካባቢው አልፎ አዲስ አበባ ድረስ ስም አለው። ስለ ሰሙ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ጠጅ ጣይዋ ማሩን በጥብጣ ትጥላለች፣ ከላይ የሚንሳፈፈውን ሰፈፍ ገፍፋ ታወጣለች። ሰፈፉን ለጧፍ ሠሪና ለሰም ነጋዴ የሚሸጥ አለ፤ የሚደፋውም አለ። ኢትዮጵያ በሰም ምርት ከአፍሪካ ቀዳሚዎቹ ተርታ የቆመችው ከዚሁ ከጠጅ ሰፈፍ በሚወጣ ሰም ጭምር ነው። በእኔ አስተያየት ዕድሜ ላሳሳውና በትንሽ ነገር ለሚቆጣ ፊት፣ ንብ ከምትሰጠን ሁሉ የሚበልጠው ይኸው ሰም ነው።

ዕድሜ ሲገፋ የቆዳ ወዝ ይቀንሳል፤ በተለይ ሴቶች የወር አበባቸው ካቆመ በኋላ ቆዳቸው ቶሎ ይደርቃል፣ ይሳሳል። በላይኛው ሽፋን ሕዋሳት መካከል ያለው ስብ ሲጎድል ከውስጥ ውሃ ያመልጣል፣ ከውጭ የሚቆጠቁጥ ነገር ይገባል። ጤነኛ የፊት ቆዳ ኮምጠጥ ያለ ነው፤ ፒኤቹ 5 ገደማ ነው። የተለመደው ጠጣር ሳሙና ከ9 በላይ ስለሆነ ከታጠቡ በኋላ ፊት ቢወጠር አይገርምም። ሎሚ ደግሞ ወደ 2 ይወርዳል፤ ሎሚ ተቀብቶ ፀሐይ ላይ መውጣትም ቆዳን እስከ ማቃጠል ይደርሳል። በጠይም ቆዳ ላይ ቁጣው ቢበርድም ጥቁሩ ምልክት ለወራት ይቀራል። ማድያት አጠፋለሁ ብሎ ሌላ ጥቁረት ማትረፍ ማለት ይህ ነው።

በቡናና በቅመም አገር ፈተናው ብዙ ነው። የቡና አተላ ፊት ላይ ማሸት ተወዷል፤ ሻካራው አተላ ግን የሳሳ ቆዳን ይጭራል። ለክርንና ለተረከዝ ይሁን። የቴፒ እርድ፣ ቀረፋና ዝንጅብልም ቦታቸው ድስት ነው።

ወደ ሰሙ እንመለስ። ሰፈፉ ማሩ እስኪለቅ በብዙ ውሃ ይታጠባል፤ ከዚያ በንጹሕ ሻሽ ተቋጥሮ ውሃ ውስጥ ይቀቀልና በእንጨት ተጫን እየተደረገ ይጨመቃል። ውሃው ሲቀዘቅዝ ሰሙ ከላይ ክብ ሆኖ ይረጋል። ከሥሩ የሚለጠፈውን ቡናማ ዝቃጭ በቢላ መፋቅ ነው። ንጹሕ ከሆነ ቢጫ ነው፣ ማር ማር ይሸታል።

ለቅባቱ በክብደት 1 እጅ ሰም ለ4 እጅ ዘይት ይበቃል። ቆላ ቀመስ በሆነችው ቴፒ ሰሙን ጨመር፣ ብርዳማዋ ማሻ ላይ ደግሞ ቀነስ ማድረግ ነው። ከዘይት ኑግን እመርጣለሁ፤ አብዛኛው ስቡ ሊኖሌይክ አሲድ ነው፣ እሱም ቆዳ ሽፋኑን ለመጠገን የሚፈልገው ነው። ሰም ከ62 እስከ 64 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀልጣል፤ እሳት ስለሚይዝ በቀጥታ ምድጃ ላይ አይጣድም። ጎድጓዳ ሳህን የሞቀ ውሃ ባለበት ድስት ውስጥ አስቀምጦ ሁለቱን አብሮ ማቅለጥ ነው። አንድ ጠብታ ቀዝቃዛ ማንኪያ ላይ ቢያደርጉ ልኩ ወዲያው ይታወቃል፤ ከጠጠረ ዘይት፣ ካልረጋ ሰም ይጨመራል።

በ2ኛው ክፍለ ዘመን ሮም ውስጥ ያገለገለው ግሪካዊ ሐኪም ጋለን ሠራው የሚባለው ቅባትም ሰም፣ የወይራ ዘይትና የጽጌረዳ ውሃ ነበረበት፤ የዛሬው ክሬም መነሻ እሱ ነው። ቤት ውስጥ ሲሠራ ግን ውሃው ቢቀር ይሻላል። ውሃ የገባበት ቅባት ያለ ማቆያ መድኃኒት ጀርም ያፈራል፤ ሬት፣ ማር ወይም እርጎ ቀላቅሎ ማስቀመጥም ያው ነው። ደረቅ ብልቃጥ፣ ደረቅ ጣት። የኑግ ዘይት ብዙ አይቆይምና በትንሽ በትንሹ ይሠራ፤ የከረመ ዘይት ሽታ ካመጣ ይጣል።

መጀመሪያ ክንድ መታጠፊያ ላይ ቀብተው ሁለት ቀን ይጠብቁ፤ ሰም ውስጥ የሚቀር የንብ ሙጫ የማይስማማው ሰው አለ። ካልቆጣ፣ ፊትዎን ለብ ባለ ውሃ ታጥበው ሳይደርቅ የምስር ፍሬ የምታህል በመዳፍ አሙቀው ይቀቡ። ብጉር የሚበዛበት ሰው ግን ይተወው።

ይህ ቅባት ቆዳን ያለሰልሳል፣ ውሃውንም ይይዝለታል እንጂ ሽብሽብ አያጠፋም። ስቴሮይድ ካለባቸው ማንጫ ክሬሞች ጋር አይነጻጸርም፤ እነሱ እየዋሉ እያደሩ ቆዳን ይበልጥ ያሳሳሉ። ፀሐይንም አይከላከልም፤ ፊትን ያለ ዕድሜው የሚያስረጀው ደግሞ ከሁሉ በላይ ፀሐይ ነው፣ ጨረሩም በደመና ያልፋል። በቀትር ሲወጡ ጃንጥላ ይያዙ። የማይድን ቁስል ወይም መልኩን የሚለውጥ ነጠብጣብ ካዩ ቅባቱን ይተዉትና ለሐኪም ያሳዩ።