በደካማው እርምጃ

በጥቅምት 2011 ዓ.ም. የጋብቻችንን አሥረኛ ዓመት ምክንያት በማድረግ ባለቤቴና እኔ ወደ ሰሜን ተራሮች ሄድን። ሐሳቡ የእርሱ ነበር። ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ከምትርቀው ከደባርቅ ተነሥተን፣ በአምስተኛው ቀን ከ4,500 ሜትር በላይ በሆነው በራስ ዳሸን ጫፍ ላይ ቆመን ጌታን ልናመሰግን!

ከደባርቅ መንገድ መሪ፣ መሣሪያ የያዘ የፓርክ ጠባቂና ዕቃ የሚጭኑ በቅሎዎች ይዘን ወጣን። ሳንቃበር ላይ ጭላዳዎች እንደ በግ መንጋ ሣር ሲነጩ አየን። ጂንባር ፏፏቴን፣ በግጭ ሜዳ የቆሙትን ረጃጅም ጅብራዎች፣ የእሜት ጎጎን ገደል እያየን የፈጣሪን ሥራ አደነቅን። ነገር ግን ባለቤቴ ሁልጊዜ ከፊት ነበር። እኔ ከኋላ።

“ደህና ነኝ”

በሦስተኛው ቀን ማታ ጭነቅ ስንደርስ ራሴን ይፈልጠኝ ጀመር። ደስታውን እንዳላበላሽበት “ደህና ነኝ” አልኩት። በማግሥቱ የቧሒትን ዳገት ስንወጣ አስመለሰኝ፤ እግሬም ተብረከረከ። መንገድ መሪያችን “እህቴ፣ ይህ የከፍታ ሕመም ነው። መውረድ አለብን” አለ።

ባለቤቴ ተራራውን ለጥቂት ጊዜ አየና ዝም አለ። ከዚያ ቦርሳዬን ተሸክሞ “እንውረድ” አለኝ።

ወደ ማታ ራሴ ቀለል አለኝ። በድንኳኑ ውስጥ “ለምን ትናንት አልነገርሽኝም?” ሲል ጠየቀኝ። መልሴ ስለ ራስ ምታት ብቻ አልነበረም። ከሦስት ዓመት በፊት የቁጠባ ገንዘባችንን ሳያማክረኝ ለሥራ ባልደረባው አበድሮ ነበር። ያን ጊዜም “ደህና ነኝ” ብዬ ነበር ያለፍኩት። ደህና ግን አልነበርኩም። ሁሉንም ነገርኩት። ቅር ያለኝን እስከዚያ መደበቄ በደል እንደ ሆነም ተናዘዝኩ። እርሱም አለቀሰ፣ ይቅርታ ጠየቀኝ፤ አብረን ጸለይን። ገንዘቡ እስከ ዛሬ አልተመለሰም። ከዚያ ሌሊት ወዲህ ግን ሳንመካከር ከቤታችን የወጣ ገንዘብ የለም።

በዘፍጥረት 33 ያዕቆብ ከዔሳው ጋር ለመጓዝ ያልቸኮለው ለልጆቹና ለመንጋው አቅም ስላሰበ ነው። ትዳርም እንዲሁ ነው። ፈጣኑ እርምጃውን ይቀንስ፤ የደከመውም ድካሙን አይሸሽግ። ራስ ዳሸንን አላየነውም፤ እርስ በርሳችን ግን ተያየን።

ለተጓዦች፦ ከ3,000 ሜትር በላይ የማደሪያችሁን ከፍታ በአንድ ቀን ከ500 ሜትር በላይ አትጨምሩ። ራስ ምታትና ማስመለስ ከተሰማችሁ መውጣታችሁን አቁሙ፤ ካልተሻላችሁ ውረዱ። ከመነሣታችሁ በፊት የአካባቢውን ጸጥታ አጣሩ።

ባልና ሚስት ይወያዩበት፦ በቤታችን ከፊት የሚሄደው ማን ነው? “ደህና ነኝ” ብለን ያለፍነው ነገር ይኖር ይሆን?